ከአምስት ቁልፍ ስንት

የጁምዓው ሰው ተበትኖ ሸርፍ ተራ ሲሞላ፣
የሐረጎን ዳገት ጨርሶ፣ እያለከለከ፣ ሚኒባሱ ሲመጣ፣
አበጋዝ መጽሐፍ ሻጩ ካርቶኑን በምላጭ ይከፍታል፤
ሌላው ዓለም አንብቦት፣ ጠግቦት፣ ጥሎት ይሆናል፣
ለደሴ ግን አዲስ ነው፤ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል።

«እንካ ይመር» ይለኛል፣ «እስከ ነገ ጧት አቆየው፤
የማሽን ዘይት እንዳይነካው፣ ጥጉን እንዳታጥፈው፤
የሳምንቱን ፍርድ ጻፍና በሬ ላይ ልለጥፈው።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮከብ መስጠት አላውቅም፤
ማርኬ በቁልፍ ነው፣ ከአምስት በላይ አልሰፋም።
እንግሊዝኛውን ሉባባ፣ የእህቴ ልጅ፣ ታነባለች፤
ሰው በሞተ ቁጥር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

አንደኛ፤ ናስ ደረት፣ ቁጥር አርባ አንድ።
ካባው ስድስት ሜትር ይፈጃል፣ ቀይ ሳቲን፣ ያለ ገበር፤
ጠርዙ አልተቀመቀመም፤ በጦሳ ነፋስ አንድ ሳምንት ቢበር
ክሩ ተተርትሮ አንገቱን ያንቀው ነበር።
ሙታንታውን ደግሞ ከሱሪው በላይ አድርጎታል፤
በእኛ አገር እንዲህ ያለውን፣ ዘመድ ይሰበሰብና፣
ወይ ጠበል ይወስደዋል፣ ወይ ዱዓ ያስደርግለታል።
ጥፊው ግን ጥፊ ነው፤
ገጽ ዘጠኝ ላይ የጠላቱ ጥርስ ሲረግፍ
እግሬ ሳላዘው ፔዳሉን ረገጠ፣
የሰው ሸሚዝ እጅጌ ከአንገቱ ጋር ሰፋሁ።
ሁለት ቁልፍ።

ሁለተኛ፤ እመት ብርጭቆ።
ወገቧን በሜትሬ ለካሁት፣ ከአንገቷ ይቀጥናል፤
ጉበቷ የት ነው ያለ? ምሳዋስ በየት ያልፋል?
ገጽ አሥራ አራት ላይ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተቀዷል፤
ገጽ አሥራ አምስት ላይ ደህና ነው፣ ስፌቱ እንኳ አይታይም።
«ማን ሰፋው?» አልኋት ሉባባን።
«ኃይሏ ነዋ!»
«ኃይል ሲቀድ እንጂ ሲሰፋ አላየሁም።»
«አንተ ልብሱን ብቻ ነው የምታይ፣ አያ ይመር፤ ልቧን እይ እስቲ።»
አየሁት። እውነትም ተስሏል፤ በብርጭቆው ደረቷ ውስጥ
ከሐይቅ አሁን እንደወጣ ዓሣ ይንፈራገጣል።
ለሱ ስል ሦስት፤ ወገቧን ቢተዋት አራት ነበር።

ሦስተኛ፤ ስሙን አላውቀውም። ሽፋኑ የለም፣ ስምንት ገጽም ጎድሏል።
ከተማ ይፈርሳል። ድልድዩ፣ የሰዓቱ ማማ፣ ዳቦ ቤቱ ከነዳቦው።
እኔ ትንፋሼን ውጬ፤ ሉባባ ሙዝ እየላጠች፣
«አታስብ፣ በሚቀጥለው ቁጥር ሁሉም ቆሞ ታገኘዋለህ» አለች።

ዝም አልሁ።
የሱቄ ቆርቆሮ በር ላይ ከዚያ ጥቅምት የቀረች ቀዳዳ አለች፤
ዘጠኝ ሰዓት ግድም ፀሐይ በሷ ሾልካ
ጨርቄ ላይ ቁልፍ የምታክል ክብ ትጥላለች።
ናስ ደረት ከዚያ ወዲህ ስንቴ ሞተ፣ ስንቴ ተነሣ፤
ቀዳዳዋ እዚያው ናት። ልደፍናት ሁለቴ መዶሻ አንሥቼ
ሁለቴ አስቀምጫለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ጀግናው በርሮ ሄዷል፤
ሰማዩን ሙሉ ይዞታል፤ ልጆቹ እሱን ነው የሚያዩ።
ከታች፣ በጥጉ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል ቦታ፣
አንዲት ሴት የተሰበረ መስታወት ትጠርጋለች።
ስም የላትም። የሚናገር አረፋ ከአፏ አልወጣም።
መጥረጊያውን የያዘችው ግን ከታች ነው፣ ከእጀታው ሥር፣
ብዙ የጠረገ ሰው እንደሚይዘው፤
ይኼ ሰዓሊ ደጅ ጠርጎ ያውቃል።
አራት ቁልፍ። አምስተኛውን የነፈግሁት
ቀሚሷን ያለ ኪስ ስለሠራው ነው፤
እንዲህ ያለች ሴት ኪስ ያስፈልጋታል።

አበጋዝ አነበበና ራሱን አከከ፤
«ስለ ጠራጊ ጽፈህ ማን ሊገዛኝ ነው?» አለና
ቢሆንም ለጠፈው።

ቅዳሜ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በበሩ በኩል ሳልፍ
በስልኬ ብርሃን አየሁት፤
ከናስ ደረት ሁለት ቁልፎች ጎን
አንዲት የማውቃት እጅ በእርሳስ ሁለት ጨምራለች፣
ባለ አራት ቀዳዳ፣ ክራቸው ሳይቀር።
ተውኩት።